ለሰፈር ናፋቂዎቻችን የቀረበ ምስጋና

ባለፈው እሑድ በአንድ ሠርግ ላይ፣ ከፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ከወጣ ሃያ ዓመት ያለፈው አንድ የሰፈራችን ልጅ «ያ ሰፈር እኮ ፍቅር ነበር» ብሎ ዓይኑን በሶፍት ሲጠራርግ አይቼ፣ ምስጋናዬን በጽሑፍ ለማቅረብ ወሰንሁ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ፣ በ2017 ደግሞ ተራው ለካዛንቺስ ሲደርስ፣ ከተማችን ስንት አፍቃሪ እንደነበራት ገና ያን ጊዜ አወቅን። ጣሪያው ሲያፈስ አንዲት ቆርቆሮ ያላቀበሉ ሁሉ፣ ቆርቆሮው ሲነቀል ሙሾ አውራጅ ሆኑ።

በተለይ የጋራ ሽንት ቤቱን ሲያወድሱ መስማት ደስ ይላል። በእርግጥም የጨዋነት ትምህርት ቤታችን እርሱ ነበር። ቁልፉ በጎረቤታችን በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ስለሚውል፣ ሆዱን የቆረጠው ሰው እንኳ ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት «እንዴት አደሩ? ልጆቹስ?» ማለት ነበረበት። በሩ መቀርቀሪያ ስላልነበረው ውስጥ ያለው ሰው ያስላል፤ እኛም ከሳሉ ማን እንደሆነ እንለያለን። ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪናው በጠባቧ መተላለፊያ ስለማይገባ፣ ቱቦው በእኛ ሳሎን በኩል ያልፋል (ሳሎናችን መኝታ ቤታችንም ነበር)፤ እናቴም ረከቦቷን አንሥታ መንገድ ትለቃለች። ናፋቂያችን በቪላው አራት መታጠቢያ ክፍል ስላለው ይህን ፍቅር ለልጆቹ ማውረስ አልቻለም። ሦስቱን ቆልፎ የአራተኛውን ቁልፍ ጎረቤት ቢያስቀምጥ ግን ነገሩ መላ የሚያገኝ ይመስለኛል።

የቀበሌ ቤት እንዲያ የጎሰቆለው ለምን እንደሆነ ማንሣት ግን የትዝታን ጣዕም ያበላሻል። ትርፍ ቤቶችን የወረሰው የ1967ቱ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ኪራዩ ከጥቂት ብር ፈቀቅ ሳይል፣ አከራዩም ተከራዩም ሳያድሱት ግድግዳው ጭቃውን እያራገፈ ኖረ። ናፋቂዎቻችን ይህን «ቅርስ» ይሉታል።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅር። ፍቅሩ ነበር። እናቴ በታመመች ሌሊት በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት ያደረሷት፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ናቸው። ዛሬ አንዱ አራብሳ፣ ሌላው ገላን ጉራ ተበትነዋል፤ የዕድሩ ድንኳንና ድስት ሲከፋፈል ከእነዚህ አልቃሾች አንድም ሰው አልነበረም። ባለፈው ወር የዚያች የቁልፍ ጠባቂያችን ቀብር ላይ ከቤተሰቧ ሌላ የተገኘነው የሰፈር ሰዎች ስድስት ነበርን። በቁም ሳለች አንድ ቀን ያልጠየቃት ሰው ለፈረሰው ግድግዳዋ ሲያለቅስ ማየት ያንገፈግፋል!

ወንድማችን ከሠርጉ ስንወጣ፣ ለሳሎኑ በትልቁ አሳትሞ የሚሰቅለው የሰፈሩ ፎቶ እንድልክለት ለምኖኛል። ልኬለታለሁ። የመረጥሁለት ያን መቀርቀሪያ የሌለውን በር ነው።