ፍቅረኞቹ ይነጋገሩ

በዚህ ክረምት ያነበብኩት የፍቅር ልብ ወለድ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው፣ አንዳንዶቹ ገና አሁን እጄ የገቡ ናቸው። የፍቅር መጽሐፍ በእኛ ዘንድ እንደ ጎረምሳና እንደ ኮረዳ ንባብ ይታያል፤ ዕድሜው የገፋ አንባቢ ታሪክ ወይም ፖለቲካ እንዲይዝ ይጠበቃል። እኔ በዚህ አልስማማም። አማርኛ ልብ ወለድን የጀመረው በፍቅር ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፣ መጨረሻውም ጋብቻ ነው። ብላቴን ጌታ ሕሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ያወጡት «የልብ አሳብ» ደግሞ የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ ገና ከርዕሱ ይዞ ይነሣል። ከዚያ ወዲህም ሕዝባችን ከአፉ የማይለየው ልብ ወለድ የፍቅር ታሪክ ነው።

አንድን የፍቅር ልብ ወለድ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ሁለቱ ሰዎች ይነጋገራሉ ወይ? መልካቸው፣ ሀብታቸው፣ ያጋጠማቸው መከራ ሁሉ ሁለተኛ ነው። እሷ የምትለውን ከእሱ በቀር ማንም እንዲያ አድርጎ ሊመልስላት እንደማይችል ካላየሁ፣ ደራሲው ስለ ፍቅራቸው የቱንም ያህል ገጽ ቢጽፍ አላምነውም። በዚህ ሚዛን ሳያቸው ብዙ የምንወዳቸው መጻሕፍት ይጎድላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ከጠበቅኩት በላይ ከፍ ብለው አግኝቻቸዋለሁ።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደገና የጀመርኩት ብዙ ሰው ከሚዘለው ቦታ፣ ከበዛብህ ወላጆች ታሪክ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ሲነሣ ሁሉም ሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ይጠራል። እኔ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳምነኝ ፍቅር የውድነሽ በጣሙና የቦጋለ መብራቱ ነው። እሷ ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የፈራት ሴት ናት፤ እሱ በቤቷ የሚያገለግል ምስኪን። ማንም ሊያያቸው የማይፈልግ ሁለት ሰዎች ናቸው። ፍቅራቸው የሚያድገው በእርሻና በእሳት ዳር፣ በዕለት ኑሮ ወሬ ነው። ደራሲው ሁለቱን አያስጌጣቸውም፤ ዝም ብሎ ያስወራቸዋል። በዛብህ ሲታመም እንዲተርፍላቸው፣ ሳያገባ እንዲያገለግል ለቤተ ክርስቲያን ሲሳሉት እንኳ ስለቱ የሁለት ተስማምተው የሚኖሩ ሰዎች ውሳኔ መሆኑ ይሰማል። ኋላ ልጁን ከፍቅሩ የሚያግደው ይኸው ስለት መሆኑን ሳስብ፣ የእነሱ መልካም ትዳር ለልጃቸው መከራ እንደ ሆነበት አያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ሌላ ቦታ አላነበብኩም።

በዛብህና ሰብለ ወንጌል ጋ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። እሱ የቅኔ ሊቅ ሆኖ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሊያስተምራት የገባ የድኻ ልጅ ነው። እሷ ደግሞ አባቷ ለዘሯ የሚመጥን ባል እያጡላት ዕድሜዋ በጓዳ የሚያልፍ የባላባት ልጅ። ቤቱ በአሽከርና በገረድ የተሞላ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ጆሮ አለው። መምህርና ተማሪ ሆነው ከሚቀመጡበት ሰዓት በቀር የሚገናኙበት ጊዜ የላቸውም። ቀጥሎ መለያየት ይመጣል፤ መጽሐፉ ወደ ባላገሩ አመፅ፣ ወደ ፊታውራሪ ኩራት፣ ወደ ጉዱ ካሣ ንግግር ይሄዳል። ጉዱ ካሣ የሚናገረውን የማይወድ አንባቢ የለም፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን በዚህ ንባቤ ያስተዋልኩት፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለ ፍርሃት የሚናገረው እሱ ብቻ መሆኑን ነው። ሰዉ ዕብድ ስላለው ምላሱ ነፃ ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች ግን አእምሮአቸው ሙሉ ነውና ዝም ይላሉ። ሰብለ ከአባቷ ቤት ጠፍታ ወጥታ ስታገኘው እሱ በሞት አፋፍ ላይ ነው። የሚነጋገሩበት ዕድሜ አልተሰጣቸውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያለቅሳል፤ እኔም አልቅሻለሁ። ለምን እንደማለቅስ ግን ቆይቶ ነው የገባኝ። የሚያስለቅሰኝ ከሞቱ ይልቅ ያልተነጋገሩት ነገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ዝምታቸውን ያለ ምክንያት አልጻፈውም። የዘር ቆጠራው ሥርዓት ከሁለቱ ላይ መሬትና ማዕረግን ብቻ ሳይሆን ቃልንም እንደወሰደባቸው ማሳየት ፈልጓል፣ አሳይቶማል። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ድምፅ መስጠቱ ታሪኩን በየቤቱ ያስገባውም ለዚህ ይመስለኛል። የድምፅ ረሃብ ያለበት መጽሐፍ ነበርና ድምፅ አገኘ።

ችግሩ የተከተሉት ናቸው። ከሐዲስ መቃብሩን ወስደው ምክንያቱን ተዉት። ከዚያ በኋላ የተጻፉ ስንት የፍቅር ልብ ወለዶች በመኪና አደጋ፣ በድንገተኛ በሽታ፣ ወይም «ወንድምና እኅት ናችሁ» በሚል ዜና ያልቃሉ! ፍቅረኞቹ ሦስት ጊዜ በደንብ ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ መግደል ባላስፈለገ ነበር። ሞት በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ደራሲው ሊጽፈው ያልቻለውን ንግግር የሚተካ ሆኗል።

የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ከዚህ ወገን አይደለም፤ ስለ ዝምታ አውቆ የተጻፈ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አቤል ትዕግሥትን ወድዶ አፉ አልፈታለት ይላል። ወጣት ሳለሁ አቤልን አዝኜለት ነበር። አሁን ሳነበው ግን ዓይኔ ትዕግሥት ላይ ቀረ፤ በዓይን ብቻ የምትፈቀር ሴት ምን ታድርግ? ስለ እሷ ገና ብዙ መስማት እፈልጋለሁ።

«ኦሮማይ» ላይ ግን ልቆይ። በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ የውጭ አንባቢ በአብዛኛው እንደ ፖለቲካና እንደ ስለላ ልብ ወለድ ተቀበለው። እውነትም ነው፤ በዓሉ ግርማ ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብን ዘመቻ በዓይኑ አይቶ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን እያወቁ መጽሐፉን እንደ ተራ የፍቅር ታሪክ ማንበብ ይከብዳል። እኔ ግን በዚህ ክረምት እንደ ፍቅር ታሪክ አነበብኩት፤ ፖለቲካውም ከበፊቱ ይልቅ የገባኝ በዚሁ መንገድ ነው።

ምክንያቱም ፀጋዬና ፊያሜታ ይነጋገራሉ። አዲስ አበባ ላይ የፀጋዬ እጮኛ ሮማን አለች፤ እሱ ግን አስመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። እሷ ትጠይቃለች፣ ትቀልዳለች፣ ትከራከራለች፣ ያለውን ነገር መልሳ በራሱ ላይ ታዞርበታለች። ፀጋዬ የፕሮፓጋንዳ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲናገር የሚውለው በሌላ ሰው ቃል ነው። በራሱ ቃል የሚናገረው ከእሷ ጋር ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ፍቅሩ ከጦርነቱ ተለይቶ የተቀመጠ ጌጥ አይደለም። በኋላ ስለ ፊያሜታ የማናውቀው ብዙ ነገር እንዳለ ሲገለጥ፣ አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ እያንዳንዱን ንግግሯን ይመረምራል፤ ይኼኛው ከልቧ ነበር? ያኛውስ? አንድ ሰው ወድዶ ሲጠራጠር የሚሠራው ይህንኑ ነው። በአማርኛ ጥርጣሬን እንዲህ አድርጎ አንባቢው ላይ ያሳደረ ሌላ የፍቅር ታሪክ ትዝ አይለኝም።

አንድ ነገር እከስሰዋለሁ፤ ሮማንን። አዲስ አበባ የቀረችው እጮኛ በመጽሐፉ ውስጥ የፀጋዬ ሕሊና ሆና ብቻ ቀርታለች። ታማኝ ናት፣ መልካም ናት፣ ትጠብቃለች። የምትናገረውን ግን የማያስታውስ አንባቢ ብዙ ነው። በዓሉ ለፊያሜታ የሰጠውን ምላስ ግማሹን እንኳ ለሮማን ቢሰጣት፣ የፀጋዬ ምርጫ ይበልጥ የሚያሠቃይ ይሆን ነበር።

ከትርጉም ሥራዎች የመረጥኩት «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ነው። ማርጋሬት ሚቸል በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን ግዙፍ ልብ ወለድ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እንደተረጎመው ብዙዎቻችን እናውቃለን። እስረኛ ሰው ስለ ስካርሌትና ስለ ሬት በትንንሽ ወረቀት እየጻፈ ቀኑን ያሳለፈበትን ትዕግሥት ባሰብኩ ቁጥር ለሥራው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ስካርሌትና ሬት ከተገናኙበት ገጽ እስከ መጨረሻው ይጣላሉ። ስካርሌት ለአሽሊ ፍቅሯን ገልጻ ስታፍር፣ በንዴት የወረወረችው ዕቃ ተሰብሮ፣ ሬት በትለር ሶፋው ላይ ተኝቶ ሁሉንም ሲሰማ እንደቆየ ታውቃለች። የሁለቱ ነገር የሚጀመረው እሷ በተዋረደችበት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ልትዋሸው ብትሞክር እንኳ እሱ ያውቅባታል። ከአሽሊ ጋር ግን በሙሉ ልቧ ተነጋግራ አታውቅም፤ የወደደችው እሷው ራሷ የፈጠረችውን ሰው መሆኑን የምትረዳው በመጨረሻ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሬት ደክሞት እየሄደ ነው። የመጨረሻው ንግግራቸው ረጅም ነው፣ ማንም አይሞትም፤ እኔን ግን ከብዙ ቀብር በላይ አሳዝኖኛል።

ይህን መጽሐፍ ሳወድስ የማልደብቀው ነገር አለ። ጥቁር ባሪያዎችን በባርነታቸው የረኩ አድርጎ ይሥላል፤ ነፃነታቸውን እንደ ጥፋት ያያል፤ ፊታቸውን ሸፍነው ጥቁሮችን የሚያጠቁ ነጮችን እንደ ጀግና ያቀርባል። የስካርሌት ቤተሰብ ባሪያ የሆነችው ማሚ በቤቱ ውስጥ እውነቱን ሁሉ የምታይና የምትናገር ሴት ናት፣ የራሷ ፍቅር፣ የራሷ ቤት ግን አልተሰጣትም። በእኔ ሚዛን ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ደራሲዋ ስለ ፍቅር ንግግር ያላትን ጥበብ ሁሉ ለነጮቹ ብቻ አውላዋለችና። በአማርኛ የሚያነቡት ወጣቶች ይህን እንዲያዩ መምህራን ቢያግዟቸው ደስ ይለኛል።

ወደ አሁኑ ገበያ ልመለስ። ከአዟሪ የገዛኋቸው የቅርብ ጊዜ የፍቅር መጻሕፍት ስማቸውን አልጠራም፤ አንዳንዶቹ የመጀመሪያ ሥራ ናቸውና። የሚደጋገመው ግን ይኸው ነው፦ ከአሜሪካ የተመለሰ ሀብታም፣ ቦሌ ላይ ያለ ሆቴል፣ ቆንጆ ድኻ ልጅ፣ ስለ ፀጉሯና ስለ ዳሌዋ ሁለት ገጽ። ቀጥሎ ሁለቱ ሲገናኙ እሱ የአንድ ገጽ ስብከት ይሰብካል፣ እሷ ታለቅሳለች። ሰው እንዲያ አይናገርም። አማርኛ ለፍቅር ጸሐፊ የሰጠውን ሀብት አይነኩትም። ሁለት ሰዎች «እርስዎ» ሲባባሉ ቆይተው አንደኛቸው ደፍሮ «አንቺ» የሚልበት ቅጽበት ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። በቤተሰብ ፊት እንደ እንግዳ ተነጋግረው በር ላይ ድምፃቸው የሚለወጥበት፣ አንድ ነገር ብለው ሌላ የሚሰማሙበት ወግ አለን። ይህን ሁሉ ዘልሎ ስብከት መጻፍ ያሳዝናል።

ያልጠበቅኩት ደስታ ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። «ክፍል አንድ»፣ «ክፍል ሁለት» እየተባሉ በየቀኑ የሚለጠፉትን የፍቅር ታሪኮች ለመመልከት ሳልፈልግ ቆይቼ ነበር። የፊደል ግድፈታቸው ብዙ ነው፤ ታሪኩ የሚንጠለጠልበት ቦታ አንባቢን ለማስጠበቅ ብቻ የተመረጠ ይሆናል፤ ሃያ ክፍል ሄዶ ደራሲው የጠፋበትም አጋጥሞኛል። ነገር ግን ሰዎቹ ያወራሉ! የታክሲ ወረፋ ላይ፣ በመልእክት፣ ሌሊት በስልክ፣ እናት እንዳትሰማ ድምፅ ዝቅ አድርገው። ባነበብኩት አንድ ታሪክ ውስጥ ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዋ በሌሊት የድምፅ መልእክት ትልክለታለች፤ እሱ ጠዋት ሰምቶ ይመልሳል፣ እሷ ደግሞ ሥራ ላይ ስለሆነች እስከ ማታ አትከፍተውም። ጥያቄና መልሱ በአንድ ቀን ይዘገያል። ቁጣዋ ሲደርሰው እሷ ይቅርታ ካደረገች ቆይታለች፤ ይቅርታው ሲደርሰው ደግሞ እሱ ገና መቆጣት ጀምሯል። ይህን ለጸሐፊዋ ማንም አላስተማራትም፤ ከኑሮዋ ወይም ከምታውቃት ልጅ ኑሮ ያመጣችው ነው፣ እጅግም ጥሩ ነው።

አሳታሚዎቻችን ወረቀት እየተወደደባቸው አዲስ ስም ለማተም መፍራታቸው ይገባኛል። ሆኖም እነዚህ ጸሐፊዎች አንባቢ ይዘው ነው የሚመጡት፤ የሚያስፈልጋቸው አርታኢ ነው። የተደጋገመውን የሚቀንስ፣ መኪና አደጋው ጋ ሲደርሱ «ይህን ተዪውና እንዲነጋገሩ አድርጊ» የሚላቸው አንድ ሰው። በየጊዜው የድሮዎቹን እንደገና ከሚያትሙት ገንዘብ ትንሹን ለዚህ ቢያውሉት፣ መጽሐፉን ቀድሜ የምገዛው እኔ ነኝ።