ለክቡር ሰብታይትል፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሥራ ሰዓት አለማክበርዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ በእርስዎ፣ ከፊልም ግርጌ በሚወጣው የትርጉም ጽሑፍ፣ ምክንያት ፊልም በግምት ማየት ከመልመዳችን በቀር ደህና ነን።

ሰውየው በሩን በርግዶ ይገባል። ሴትየዋ ትጮኻለች። ተኩስ ይሰማል። አስከሬኑ ተነስቶ፣ ፖሊስ መጥቶ፣ ጎረቤት ተበትኖ ሲያበቃ እርስዎ ከታች ብቅ ይሉና «ተጠንቀቂ፣ በሩ ላይ ሰው አለ!» ይላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ቀድመው የደረሱ ዕለት ደግሞ ባሰ፤ ተጠርጣሪው ገና አፉን ሳይከፍት የእምነት ቃሉን እርስዎ ሰጥተውለት ያርፋሉ።

«የውጭ ፊልም አልወድም፤ ማንበብ ይደክመኛል» የሚል ሰው ሞልቷል። ያው ሰው ግን የማያውቃቸው ሰዎች ፌስቡክ ላይ ሲሰዳደቡ እያነበበ ሌሊቱን ያነጋል። ያደከሙት እርስዎ ነዎት። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 (ዓመቶቻችን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ አገሩ ሁሉ የተቀመጠለት ያለ ነገር አልነበረም፤ ድምፁ ቢያንስ ከተዋናዩ ጋር እኩል ይመጣ ነበር።

ስለዚህ ለወዳጆቻችን ፊልም ስንመርጥ የሽልማቱን ብዛት ትተን፣ እርስዎ ቢበላሹ ፊልሙ ምን ያህል ይጎዳል በሚለው መመዘን ጀምረናል። ከእርስዎ ጋር ገና ላልለመደ ሰው መጀመሪያ የምንሰጠው የ2016ቱን «ዘ ሬድ ተርትል» ነው። አንድ ሰው ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ቀርቶ የሚኖርበት የ80 ደቂቃ አኒሜሽን ሲሆን ንግግር የለውም። ያንን ማታ እረፍት ወስደው መተኛት ይችላሉ። ቀጥሎ «ባይስክል ቲቭስ» ይመጣል፤ ቪቶሪዮ ደ ሲካ፣ ጣሊያን፣ 1948፣ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ሥራ ያገኘው ሰው ብስክሌት ያስፈልገዋል፣ ብስክሌቱ ግን መያዣ ተይዟል። ሚስቱ ያላቸውን አንሶላ ገፍፋ መያዣ ትሰጣለች። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ ያን አንሶላ ተሸክሞ እስከ ጣሪያ በተደረደረው የሰው ሁሉ አንሶላ ላይ ሲወጣ ካሜራው ዝም ብሎ ይከተለዋል። እዚያ ላይ አምስት ሰከንድ ቢዘገዩ ማንም አያማዎትም፤ ነገሩ በዓይን አልቋል።

ጥፋትዎ የሚታየው «ኤ ሴፓሬሽን» ላይ ነው። የኢራኑ አስጋር ፋርሃዲ በ2011 የሠራው ይህ ፊልም ባልና ሚስት ዳኛ ፊት ተቀምጠው ይጀምራል። ዳኛው አይታይም፤ ካሜራው ያለው በእሱ ቦታ ነው፣ ስለዚህ የሚከራከሩት ከእኛ ጋር ነው። እሷ ከአገር መውጣት ትፈልጋለች፣ እሱ የመርሳት በሽታ የያዘውን አባቱን ጥሎ አይሄድም። እሷ አባትህ ልጁ መሆንህን እንኳ አያውቅም ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ እኔ ግን አባቴ መሆኑን አውቃለሁ ይላል። እርስዎ እነዚህን ሁለት ንግግሮች ያለ ሰረዝ አንድ መስመር ላይ አያይዘው ሲለጥፏቸው አንድ ሰው ከራሱ ጋር የሚጣላ ይመስላል። የሙያው ደንብ የታወቀ ነው፦ ሁለት ሰው ከተናገረ ለየራሱ መስመር፣ በየመስመሩ መጀመሪያ ሰረዝ። ከሁለት መስመር አይታለፍም፣ በላቲን ፊደል አንዱ መስመር ከ42 ፊደል ባይበልጥ ይመረጣል፣ አንድ ጽሑፍም ከሰባት ሰከንድ በላይ አይቆይም። ፊልሙ ወደፊት ሲሄድ ክርክሩ ሁሉ ማን ምን ሰማ፣ መቼ ሰማ ወደሚለው ይዞራል። እርስዎ ሁለት ሰከንድ ሲዘገዩ ምስክሩን አሳሳቱ ማለት ነው።

የቃል ቅደም ተከተልም አለ። ፋርስኛ፣ ኮሪያኛና ጃፓንኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ማስተባበያውም እዚያው ነው። ተከሳሽ «ገንዘቡን ከመሳቢያው ውስጥ…» ብላ ትንፋሽ ስትወስድ የፋርስኛው ሰሚ ትንፋሹን ይይዛል፤ «አልወሰድኩም» ገና አልመጣም። እንግሊዝኛው «አልወሰድኩም»ን ወደፊት አምጥቶ ጨረሰው። ከዚያ አማርኛ ተርጓሚ ነኝ ባዩ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያንዳንዱን በየቦታው ይገለብጥና «አልወሰድኩም» ቀድሞ፣ «ገንዘቡን ከመሳቢያው ውስጥ» ተከትሎ ይመጣል። ቅኔ እየተዘረፈልን ነው እንዴ? ሁለቱን ጽሑፎች አንድ ላይ አንብቦ፣ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ሥርዓት ሠርቶ እንደገና ቢከፍለው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለተዋናይዋ አፍ የቀረበ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ሰዓት መዝገብዎ እንግባ። እርስዎ በመሠረቱ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነዎት፤ በኖትፓድ ቢከፍቱዎት ተራ ቁጥር፣ ሰዓት (00:01:07,200 --> 00:01:09,800)፣ ንግግር፣ ባዶ መስመር፣ ሌላ የለዎትም። በሽታዎ የሚለየው ሁለት ቦታ ተፈትሾ ነው፤ አንዱ አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ሌላው ወደ መጨረሻው። ሁለቱም ቦታ እኩል ሦስት ሰከንድ ከቀደሙ ቀላል ነው። ቪኤልሲ በሚባለው የኮምፒውተር ፊልም ማጫወቻ ላይ «ኤች» ፊደል በተነካ ቁጥር እርስዎን 50 ሚሊሰከንድ ያዘገያል፣ «ጂ» ደግሞ ያን ያህል ያፋጥናል። ለሦስት ሰከንድ 60 ጊዜ መንካት ነው፤ ጣት ለሚደክመው ሺፍት ከ«ኤች» ጋር ድምፁ በተሰማበት ቅጽበት፣ ሺፍት ከ«ጄ» ጋር ጽሑፉ በታየበት ቅጽበት፣ ከዚያ ሺፍት ከ«ኬ» ጋር ተጭኖ ማስታረቅ ይቻላል።

መጀመሪያ ላይ ትክክል ሆነው እያደር የሚቀድሙ ከሆነ ግን «ጂ»ም «ኤች»ም አያድኑዎትም። ሲኒማ የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ የአውሮፓ ቴሌቪዥን ግን 25 ስለሚጠቀም ፊልሙን ትንሽ አስሩጦ ያሳየዋል፣ የ120 ደቂቃውም በ115 ያልቃል። እርስዎ ለዚያ ለሮጠው ተሠርተው ከ24 እምብዛም በማይለየው በ23.976 ፍሬም ከሚሄደው ላይ ሲጫኑ፣ ፊልሙ አንድ ሰዓት ሲሞላው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ቀድመው ይገኛሉ። ይኼኔ ሰዉ ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወርውሮ ይነሳል። መድኃኒቱ ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም፦ «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይልዎን ከፍቶ፣ «ሲንክሮናይዜሽን» ውስጥ «ቼንጅ ፍሬም ሬት» የሚለውን መርጦ፣ ከ25 ወደ 23.976 ብሎ ማስቀመጥ።

እስከ አንድ ቦታ ልክ ሆነው ድንገት የሚዘሉ ከሆነ የሌላ ቅጂ ሰብታይትል ነዎት። «ሲኒማ ፓራዲሶ» (ጣሊያን፣ 1988) ሕያው ምስክር ነው። ዓለምን የዞረው ቅጂ 124 ደቂቃ ነው፤ ረጅሙ ከ170 ይበልጣል። የአጭሩን ሰብታይትል በረጅሙ ላይ የጫነ ሰው ከመካከል በኋላ የአንዱን ፍቅር በሌላው ቀብር ላይ ያነባል። ፊልሙ ራሱ ቄሱ በደወል እያዘዙ መሳሳም ስለሚያስቆርጡበት የመንደር ሲኒማ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ጨው ያደርገዋል። እዚህ ጋ ፋይል ማስተካከል ድካም ነው፤ የፊልሙን ርዝመት በደቂቃ አይቶ በልኩ የተሠራውን መፈለግ ይሻላል።

«ፓራሳይት» (2019) ላይ ያደረጉትን ግን አንረሳም። ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ ተሠርቶ የኦስካርን የምርጥ ፊልም ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው ፊልም ነው፤ የእንግሊዝኛ ተርጓሚው ዳርሲ ፓኬትም ልፋቱ ይታያል። የውጭ ተመልካች የሴኡልን ዩኒቨርሲቲ ክብር አይረዳም ብሎ ቀልዱን ወደ ኦክስፎርድ ወሰደው። ከሁለት ዓይነት ፈጣን ኑድል የሚደባለቀውን ጃፓጉሪ «ራምዶን» አለው፤ ራመንና ኡዶን ከሚባሉት የኑድል ስሞች የሠራው ቃል ነው። የአማርኛው ሰብታይትል ይህን ከእንግሊዝኛ እንዳለ ሲገለብጥ ኮሪያ የማታውቀውን ምግብ ለኢትዮጵያዊ አቀረበ። ይኼስ ይሁን። ድሃው ልጅ አስጠኚ ሆኖ ከሀብታሙ ቤት ሲገባ እመቤቲቱን የሚያናግራት በኮሪያኛ የአክብሮት አነጋገር ነው፤ የፊልሙ መርዝ ግማሹ ያለው በዚያ ትህትና ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ ለአንተም፣ ለአንቺም፣ ለእርስዎም ያለው አንድ ቃል ነው። ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ የተረጎመው ማሽን ከሦስቱ አንዱን ሲመርጥ ምን መረጠ? እመቤቲቱን «አንተ» አላት! አማርኛ አንቱታን ሠርቶ አስቀምጦልዎት እያለ።

ስለዚህ እኛም የያዝነውን አንቱታ ከዚህ መስመር ጀምሮ አንስተናል።

ስማ አንተ ሰብታይትል። «ቲምቡክቱ» (አብዱራህማን ሲሳኮ፣ 2014) ላይ ተመልከት፤ ታማሼክ፣ ባምባራ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ይነገርበታል። ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች የሚገዙትን ሕዝብ ቋንቋ ስለማያውቁ አንድ እረኛ ሲጠየቅ መሐል ላይ አስተርጓሚ ይቆማል። አንተ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ነጭ ጽሑፍ ስታወጣው እዚያ ያለው ሰው የሚተረጉመው ምን ቸግሮት እንደሆነ አይገባም። ቋንቋ ሲቀየር ጽሑፉን ዘመም ብታደርገው ምን ትከስራለህ? ነጭ ጽሑፍህንስ ነጭ አሸዋ ላይ ያለ ጥቁር ጠርዝ የምትለጥፈው ለማን ነው?

«ሊቭ ኤንድ ቢካም» (ራዱ ሚሃይሌአኑ፣ 2005) ላይ ደግሞ እኛ እንበልጥሃለን። በ1984ቱ የሙሴ ዘመቻ ጊዜ ሱዳን ካለ የስደተኞች መጠለያ ክርስቲያን እናት ልጇን እንደ ቤተ እስራኤል ልጅ አድርጋ ወደ እስራኤል ትልከዋለች። ዕብራይስጡና ፈረንሳይኛው ላይ እንፈልግሃለን፤ አማርኛው ሲመጣ ግን አርፈህ ተቀመጥ። ቪኤልሲ ላይ «ቪ» ፊደል ያጠፋሃል፣ መልሶም ያመጣሃል። እናት ለልጇ የምትናገረውን በእንግሊዝኛ ማንበብ አያስፈልገንም።

መቼም መጠን አታውቅም። በ2018 መጨረሻ ኔትፍሊክስ «ሮማ»ን ለስፔን ተመልካች ሲያቀርብ የሜክሲኮውን ስፓኒሽ ወደ ስፔን ስፓኒሽ ተርጉመህ፣ «ማማ» የተባለውን «ማድሬ» አድርገህ፣ ዳይሬክተሩ አልፎንሶ ኩዋሮን ተቆጥቶ በ2019 አስነሳህ። የጎንደሬን ንግግር ለሸዋ ሰው በአማርኛ እንደ መተርጎም ነው።

አማርኛ ስትሆንማ ፊደልህም ይጠፋል። ባዶ ሳጥን ሳጥን ከሆንክ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ቪኤልሲ ላይ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን የግዕዝ ፊደል መምረጥ ነው፤ የቴሌቪዥኑ የራሱ ማጫወቻ ከሆነ ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ማገናኘት። ቆብ የደፉ የላቲን ፊደላት ከመጡ ማጫወቻው በሌላ ኮድ እያነበበህ ነውና ወደ ዩቲኤፍ-8 መቀየር። ሁሉም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን አንዱ በአሮጌ ኮድ ሴቭ አድርጎ ገድሎሃል፤ ዋናውን ቅጂ መፈለግ እንጂ ሌላ የለም። ፍላሽ ላይ ስትጫን ደግሞ ስምህ ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ይሁን፣ ኖትፓድ ከኋላህ «ቲኤክስቲ» የሚል ቅጥያ እንዳይቀጥልብህም ተጠንቀቅ።

ቅዳሜ ማታ 2:00 ሰዓት ላይ «ኤ ሴፓሬሽን» እናያለን። ልማድህን ስለምናውቅ 1:59:57 ላይ እንድትገኝ ተጠርተሃል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ«ጂ» እና ለ«ኤች»፣ በተጠንቀቅ እንዲጠብቁ
ሶፋ ሥር ለገባው ሪሞት