«ነጻ ነው እኮ» የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ

አንጀቴ እርር ብሏል። ይሄን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የጃፓን አኒሜሽን ፊልሞች በነጻ የሚታዩበት ፌስቲቫል አለ ሲባል ደስ የማይለው የአኒሜ ወዳጅ አላውቅም። ሌላ ጊዜ በስልክና በላፕቶፕ የምናያቸውን ፊልሞች በትልቅ ስክሪን፣ በደህና ድምፅ፣ እንደኛው ከሚወዷቸው ሰዎች ጋር ቁጭ ብለን እናያለን። መክፈል የለም። መመዝገብ ብቻ ነው። ምሬቴም የሚጀምረው ከዚሁ ምዝገባ ነው።

ሊንኩ በተለቀቀ በደቂቃዎች ውስጥ «ቦታ ሞልቷል» ይላል። እሺ፣ ይሁን። ቀድሞ የደረሰ ያዘ፣ ምንም አይባልም። ቀኑ ደርሶ አዳራሹ ውስጥ ስትገባ ግን ምን ታያለህ? ባዶ ወንበር። ጥግ ላይ ያለ አንድ ሁለት ወንበር ቢሆን ዝም እል ነበር። መሃል ለመሃል፣ ስክሪኑ ፊት ለፊት፣ ረድፉ እንዳለ ባዶ ነው። በሩ ላይ ደግሞ ሳይመዘገቡ የቀሩ ሰዎች «ምናልባት የቀረ ሰው ካለ» ብለው ተሰልፈው ቆመዋል።

ባለፈው የተሰለፈች አንዲት ልጅ ከዓይኔ አልጠፋ ብላለች። ትልቅ የስዕል ደብተር በብብቷ ይዛለች። ጠርዙ ተቦጫጭቋል፣ ብዙ እንደሠራችበት ያስታውቃል። በር ላይ ያለው ሰው ዝርዝሩን በጣቱ ወደ ታች እየሄደ አየና «ስምሽ የለም፣ ሞልቷል» አላት። «ወለል ላይም እቀመጣለሁ» አለችው። አይቻልም ተባለች። እኔ ስሜ ስለነበረ ገባሁ። ፊልሙ ሲጀምር ከፊቴ ያለው ረድፍ ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ያቺ ልጅ እዚያ ቁጭ ብላ ምን ምን ልትማር ትችል ነበር!

ቦታ ይዘህ የቀረኸው ወንድሜ፣ ለመሆኑ መሰረዝ ምን ያህል ይከብዳል? የመጣልህ መልዕክት ላይ «መምጣት ካልቻሉ ይህን ይጫኑ» ይላል። አንድ ጊዜ መንካት ነው። ለጓደኞችሽ ሳትነግሪያቸው አራት አምስት ቦታ የምትይዢው እህቴም እንደዚሁ። ትኬቱን ገንዘብ ከፍላችሁበት ቢሆን ኖሮ ዶፍ ዝናብ ቢጥል ትመጡ ነበር። ነጻ ስለሆነ ግን ቀረ፣ ቀረ።

ነጻ የሆነው ለእኛ ነው። ከጀርባ የከፈለ አለ። ፊልሙን ለሕዝብ ለማሳየት ከባለመብቱ ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በተወሰነ ቀን፣ ለተወሰነ ያህል ጊዜ ብቻ እንዲታይ ነው። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ነገም እንድገመው ማለት አይቻልም። አዳራሹ ኪራይ አለው። የግርጌ ጽሑፉን ተርጉሞ ከንግግሩ ጋር ያጣጣመ ሰው አለ። ባዶ የቀረው ወንበር በቃ ባከነ፣ ሌላ ቀን የለውም።

ደግሞ የሚታየው ምን እንደሆነ እናስብ እንጂ። በፊልም አንድ ሰከንድ 24 ምስል ነው። በጃፓን አሠራር አንዱ ስዕል ለሁለት ወይም ለሦስት ምስል ይቆያል። ያም ሆኖ ለአንድ ፊልም በአስር ሺዎች የሚቆጠር ስዕል ይወጣል። የጃፓኑ አኒሜሽን ሠሪ ስቱዲዮ ጂብሊ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው «ዘ ዊንድ ራይዝስ» ውስጥ ሕዝብ ሲተራመስ የሚታይበት የ4 ሰከንድ ትዕይንት አለ። እሱን ለመጨረስ 1 ዓመት ከ3 ወር ፈጅቷል። አራት ሰከንድ! አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ፣ ብርሃኑን ፊቴ ላይ ለቆ፣ መልዕክት አንብቦ እስኪመልስ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያልፋል። ከኋላ ደግሞ ፊልሙን ቀድሞ ያየ ሰው «አሁን ተመልከት፣ ይሄ ልጅ...» እያለ ይተርካል። ኧረ በሕግ!

ከሁሉ በላይ ልቤን ያቃጠለው ግን የሕፃናቱ ነገር ነው። «ካርቱን ነው» ተብሎ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ» ሊያዩ መጡ። ይሄ የዳይሬክተር ኢሳኦ ታካሃታ ፊልም የሚጀምረው አንድ ልጅ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሲሞት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1945 ኮቤ ከተማ በቦምብ ስትነድ፣ ወንድምና እህት ብቻቸውን ሲቀሩ፣ በረሃብ ሲያልቁ ያሳያል። ፊልሙ ላይ የልጆቹ እናት መላ ሰውነቷ ደም በነካው ፋሻ ተጠቅልሎ ስትታይ አንዲት ሕፃን ጮኻ አለቀሰች። እናቷ ዓይኗን በእጇ ሸፍና፣ በጨለማ እየተደናበረች ይዛት ወጣች።

እናትየዋን አልወቅስም። ፖስተሩ ላይ «ለመላው ቤተሰብ» ተብሎ ተጽፏል። አዘጋጁ ፊልሙን አይቶታል? ወይስ የተሳለ ሁሉ የልጅ ነው ብሎ ነው? ይሄ ፊልምና «ማይ ኔበር ቶቶሮ» እ.ኤ.አ. በ1988 ጃፓን ውስጥ አንድ ላይ ተጣምረው ነው ሲኒማ ቤት የገቡት። ከአንድ ስቱዲዮ ከጂብሊ፣ በአንድ ቀን፣ አንዱ ለሕፃን የሚሆን፣ ሌላው አዋቂን የሚያስለቅስ። አኒሜ እንዲህ ሰፊ ነው። ዕድሜ መጻፍ አንድ መስመር ነው። «ጦርነትና ሞት ያሳያል» ማለት ሌላ አንድ መስመር ነው። ሁለት መስመር ለመጻፍም ስንፍና?

መጨረሻ ላይ ደግሞ መብራት። የሠራተኞቹ ስም መውጣት ሲጀምር ወዲያው አበሩት። ተመልካቹ ብድግ አለ፣ ስክሪኑ ነጣ፣ ሁሉም ወደ በሩ ተጋፋ። ይሄ የሆነው በ«ቶቶሮ» ላይ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ፊልሙን ሙሉ የሚጨነቁት ሆስፒታል ስለተኛች እናታቸው ነው። እናትየዋ ድና ወደ ቤቷ የምትመለሰው መቼ መሰላችሁ? ስሞቹ በሚወጡበት ጊዜ፣ ከጎናቸው በሚታዩት ስዕሎች ላይ ነው። ያን ያህል የጠበቅነውን ነገር ሳናይ ወጣን ማለት ነው።

ወደ ኃላፊው ሄጄ በትሕትና «ቢያንስ እስኪያልቅ ብትጠብቁ» አልኩት። «ወንድሜ፣ በነጻ አይደል እንዴ ያየኸው?» አለኝ።

አዎ፣ በነጻ ነው። ግን ሰዓቴን ሰጥቼ፣ ቀን ቆጥሬ፣ ወድጄው ነው የመጣሁት። በር ላይ የተመለሱትም እንደዚሁ። የሚቀጥለው ፌስቲቫል አዘጋጆች ይሄን ካያችሁ፣ ፊልሙ ሊጀምር አስር ደቂቃ ሲቀረው ዝርዝሩን ዝጉና የተሰለፈውን ሰው አስገቡ። ፖስተሩ ላይ ዕድሜ ጻፉ። መብራቱንም የመጨረሻው ስም ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ አትንኩት።