በአይጥ ላይ የተገኘ ሁሉ የመላጣ መድኃኒት አይደለም

ሰሞኑን ሳይሆን ሁሌም ነው፣ "ሳይንቲስቶች በአይጥ ላይ የፀጉር ጂን አገኙ" የሚል ዜና ይወጣና ሰዉ ሁሉ መድኃኒቱ መቼ ገበያ ላይ እንደሚውል መጠየቅ ይጀምራል። በሰዉ አልፈርድም፣ እኔን የሚያናድዱኝ ዜናውን እንደዛ አድርገው የሚጽፉት ናቸው፣ ምክንያቱም በእድሜ የሚመጣው የወንዶች መላጣነትና አንድ ጂን ተበላሽቶ የሚመጣው ፀጉር አልባነት ጭራሽ አይገናኙም።

ሲበላሽ ፀጉር አልባ የሚያደርገውን ሄርለስ የሚባል ጂን እንውሰድ። ፀጉር አልባዋ አይጥ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ላይ የወጣችው በ1926 እ.ኤ.አ. ነው፣ ለንደን ውስጥ ከተያዘች አይጥ ዘር። የሚገርመው መጀመሪያ ምንም የላትም፣ ፀጉሯ እንደማንኛዋም አይጥ ይበቅላል፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆናት ግን ከአይኗ አካባቢ ጀምሮ ወደ ኋላ እየረገፈ ሄዶ በሳምንት ጊዜ ውስጥ እርቃኗን ትቀራለች። ፀጉር አድጎ ያርፋል፣ ይረግፋል፣ እንደገና ይበቅላል አይደል፣ እንደገና እንዲበቅል ደግሞ ከታች ያለችው ፓፒላ የምትባል የሴሎች ጥርቅም ከፀጉሩ ስር ጋር ተያይዛ ወደ ላይ መውጣት አለባት። ጂኑ ሲበላሽ ፓፒላዋ ተቆርጣ ቆዳው ውስጥ ታች ትቀራለች፣ በቃ፣ ብቀል የሚለው ትእዛዝ ከየት ይምጣ? በ1988 ሲጣራ ጂኑን ያበላሸው መሀሉ ላይ የተሰነቀረ የቫይረስ ዲኤንኤ ሆኖ ተገኘ።

ከዛ በ1998 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ አንጄላ ክሪስቲያኖና ባልደረቦቿ (በነገራችን ላይ እሷ ራሷ ላሽ የያዛት ሰው ናት) የዚሁ ጂን ሚውቴሽን (ብልሽት) አንድ የፓኪስታን ቤተሰብ ውስጥ አገኙ፣ በሰው ክሮሞዞም 8 ላይ። ልጆቹም እንደ አይጧ ናቸው፣ የተወለዱበት ፀጉር በወራት ውስጥ ይረግፍና አይመለስም፣ ቆይቶ ደግሞ ቆዳቸው ላይ ትንንሽ እብጠቶች ይወጣሉ።

እኔ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው የምለው። እነዚህ ልጆች የሰውነት መከላከያ ፀጉርን ሲያጠቃ የሚመጣው አሎፔሺያ (ያው ላሽ የሚባለው) ያለባቸው ልጆች ይመስላሉ፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ በስህተት እሱ ነው ይባሉና መከላከያውን የሚያበርድ ስቴሮይድ ይታዘዝላቸዋል፣ ቅባት ይቀባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ዓመታት ያልፋሉ፣ ምንም የለም። በ2022 አሜሪካ ለከባድ አሎፔሺያ የፈቀደችው ባሪሲቲኒብ የሚባለው መድኃኒትም የሚሠራው መከላከያውን በማብረድ ነው፣ ጂኑ ለተበላሸበት ልጅ ግን የሚበርድ ነገር የለም። ስለዚህ ልጁ ላይ መድኃኒት ከመደርደር በፊት የጂን ምርመራ ይቅደም።

ፀጉር ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ። በ1966 "እርቃን" የሚል ስም የወጣላት ሌላዋ አይጥ ችግሯ ፎክስኤን1 የሚባል ጂን ነው፣ የሰውነት መከላከያ የሆኑት ቲ ሴሎች የሚሠለጥኑበት ታይመስ የሚባል አካል ስለሌላት ኢንፌክሽን አትችልም፣ የሰው የካንሰር እጢ ሰውነቷ ላይ ቢተከል እንኳን አታባርረውም፣ የካንሰር ተመራማሪዎች የሚወዷትም ለዚህ ነው። ይሄው ጂን የተበላሸበት ህፃን ሲወለድ ቤተሰብ የሚጨነቀው በፀጉሩ ይሆናል፣ ህይወቱን የሚያሰጋው ግን ተራ ኢንፌክሽን ነው።

አይጥ ላይ መሥራት ዋጋ የለውም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ታቢ የምትባለዋ አይጥ አንድ ጂኗ ተበላሽቶ ፀጉሯም ጥርሷም ላቧም ጎደሎ ነው፣ በሰው ላይም በዚሁ ጂን የተነሳ ላብ የማይወጣቸው ልጆች ሙቀት ሲሆን ሰውነታቸው ይግላል። እሷ ላይ የተጀመረው ሥራ ቀጥሎ በ2018 በታተመ ጥናት መሠረት የጀርመን ኤርላንገን ሐኪሞች የጎደለውን ፕሮቲን ማህፀን ውስጥ ላሉ መንትዮች በሽርት ውሃው በኩል ሰጡና ልጆቹ ማላብ ቻሉ። ልብ በሉ፣ ትልቁ ውጤት ላብ ነው፣ ፀጉር አይደለም፣ ይሄ ግን ርዕስ ሆኖ አይሸጥም መሰለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሄርለስ ዓይነቱ በአብዛኛው ከሁለቱም ወላጅ አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ሲገናኝ ነው የሚከሰተው፣ ወላጆቹ ራሳቸው ሙሉ ፀጉር አላቸው፣ በየእርግዝናው ያለው እድል 25 በመቶ ነው። እናትየውን "እርጉዝ ሆነሽ ምን በልተሽ ነው" እያሉ የሚያፋጥጡ ዘመዶች ይሄን ይወቁት፣ ግማሹ የመጣው ከአባትየው ነው።