ያልተንሿሿ ካሴት ምኑ ካሴት ነው?

ባለፈው እሁድ ቡና ተጠርተን በሄድንበት ቤት አንድ እንግዳ ስፒከሩን ማረከ። ሰውየውን ታውቁታላችሁ፤ በየቤቱ አንድ አይጠፋም። ስልኩን በብሉቱዝ አገናኘና እጁን ወደ ላይ አነሳ። ዝም በሉ ማለቱ ነው። ከዚያ ከስፒከሩ ውስጥ ዝናብ መውረድ ጀመረ። ከዝናቡ ኋላ ሰዎች ይንጫጫሉ። ከሰዎቹ ኋላ፣ እጅግ ሩቅ፣ አንድ ሰው ከበሮ ይመታል። ወይም በር ያንኳኳል። ጀበና ይዛ የቆመችው የቤቱ እመቤት «ስፒከሩ ተበላሸ እንዴ?» አለች። ሰውየው እንደ ሕፃን አዘነላት። «ሃምቡርግ ነው እኮ!» አለ። «ስልሳ ሁለት!»

ስለዚህ ዛሬ የተነሳሁት ላመሰግን ነው። ቢትልስ የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ የጥንት የመድረክ ቅጂዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳል ሳያመልጣቸው ለሚያዳምጡ፣ ይልቁንም ሌላውን በግድ ለሚያስደምጡ፣ ጆሯቸው ለተባረከ ወገኖቻችን ምስጋና ይድረስ። እነሱ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ስቱዲዮ የተቀዳውን፣ ጥርት ያለውን፣ ግጥሙ የሚሰማውን እያዳመጥን፣ ደስ እያለን፣ እንዲሁ በከንቱ ዕድሜያችንን እንጨርስ ነበር።

ሙዚቃ ደስ ካለ አንድ ነገር እንደጎደለው ያስተማሩን እነሱ ናቸው።

እኛማ ምን እናውቃለን? የቅጂ ቅጂ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ካሴቱ ሲላላ በእስክሪብቶ አጠንጥነን፣ ቴፑ ሲያኝከው በጥፍራችን ጎትተን አውጥተን። እንግዳ ሲመጣ የሚንሿሿውን ደብቀን ደህናውን እንከት ነበር። እናፍር ነበር እኮ! ለካ ቤታችን በቅርስ ተሞልቶ ኖሯል። ማን በነገረን።

አሁን ግን ነቅተናል። ደረጃ በደረጃ እንማራለን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ። ሰውየው በኛ ሲቆጠርበት ይቀየማል።)

ጀማሪ ከ1957 ይነሳል። ጁላይ 6 ቀን፣ ሊቨርፑል፣ ዉልተን የሚባል ሰፈር፣ የቤተ ክርስቲያን ድግስ። የ16 ዓመቱ ጆን ሌነን ኳሪመን ከተባሉ ጓደኞቹ ጋር ይዘፍናል። ከ15 ዓመቱ ፖል ማካርትኒ ጋር የተዋወቀውም የዚያኑ ዕለት ነው። አንድ ወጣት በቴፕ መቅጃ ትንሽ ቀዳ። ቅጂው ላይ ፖል የለም። ጊታር ተጫዋቹ ጆርጅ የለም። ከበሮ መቺው ሪንጎ የለም። ቢትልስ የሚባል ነገርም ገና የለም። በ1994 ይሄ ቴፕ ለንደን ውስጥ በጨረታ 78,500 ፓውንድ ተሸጠ። ታሪካዊነቱን ማን ይክዳል? ሙዚየም ውስጥ ቢቀመጥ ሄጄ ባርኔጣዬን አወልቅለታለሁ። ግን ከምሳ በኋላ፣ ሆድ ሞልቶ፣ ሰው ጨዋታ አምሮት ሳለ፣ «እስቲ እዚህ ጋ የጆንን ትንፋሽ ስሙልኝ» መባል ምን የሚሉት ቅጣት ነው? ይቅርታ፤ ምን የሚሉት ጸጋ ነው ማለቴ ነው።

ከዚያ ወደ ጀርመኗ ሃምቡርግ ታድጋላችሁ። 1962፣ ዲሴምበር መጨረሻ፣ ስታር ክለብ። ቴድ «ኪንግሳይዝ» ቴይለር የተባለ የሊቨርፑል ዘፋኝ የቤት ውስጥ ግሩንዲግ መቅጃ ነበረው። በእሱ አስቀዳቸው። አዳራሹ ቢራ በቢራ ነው። ማይክራፎኑ ምስኪን ነው። ሁለት ዘፈን ላይ ደግሞ የሚዘፍኑት ቢትልሶች አይደሉም፤ የክለቡ ሥራ አስኪያጅና ወንድሙ ናቸው። አዎ፣ አማራቸው፣ ወጥተው ዘፈኑ። የኛ ሰው ከቅጂው ሁሉ አብልጦ የሚወደው የትኛውን ይመስላችኋል? «ቢትልስን እንደ አጃቢ ለመስማት ያለን ብቸኛ ዕድል!» ይላል ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ቅጂው በ1977 በሸክላ ወጣ። ባለቤቶቹ ግን አልወደዱትም። በ1998 ጆርጅ ሃሪሰን ራሱ ለንደን ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ። አንድ ሰካራም ሌሎች ሰካራሞችን ስለቀዳ የንግድ ውል ተፈጸመ አይባልም፣ ዓይነት ነገር ነው የተናገረው። ቢትልስ ረቱ። ይሄን ለኛ ሰው ብትነግሩት ትከሻውን ይሰብቃል። «ጆርጅ ምን ያውቃል?» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ጆርጅ እዚያው መድረክ ላይ ጊታር ይዞ ከመቆም በቀር ስለዚያ ምሽት ምን ያውቃል?

በ2023 ደግሞ አንድ ዜና ወጣ። እንግሊዝ አገር፣ ስቶ የሚባል፣ ያኔ የወንዶች የነበረ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1963 ቢትልስ ሲጫወቱ አንድ የ15 ዓመት ተማሪ ቀድቷቸው ኖሯል። ቴፑ 60 ዓመት ያህል ዝም ብሎ ተቀምጧል። በእንግሊዝ ምድር ከተቀዱት ሙሉ ኮንሰርቶቻቸው ቀዳሚው ነው ተባለ። ዜናው በወጣ በዚያው ምሽት፣ «እኔ ጋ ከድሮም ነበረ» ያሉ ሰዎች ቢሰበሰቡ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ይሞሉ ነበር። «የት አገኘኸው?» ስትሉት ዙሪያውን ቃኝቶ «አይወራም» ይላል። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ሌላው ነው። ታዳሚው ወንድ ተማሪ ስለነበረ ሙዚቃው በጩኸት አልተዋጠም፣ በደንብ ይሰማል መባሉን ሲያውቅ ፊቱ ጠቆረ። «ይሰማል?» አለ። «እንግዲያው ምኑን ላይቭ ሆነ!»

የኔ ተወዳጅ ግን የጩኸት ሊቁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢትልስ በ1964 እና በ1965 ሎስ አንጀለስ፣ ሆሊውድ ቦውል የሚባል ጣሪያ የሌለው አምፊቴአትር ላይ ተጫወቱ። አሜሪካዊው አሳታሚያቸው በባለሦስት ትራክ ማሽን ቀዳ። በአንድ ምሽት ከ17 ሺህ በላይ ሰው ጮኸ። ቅኔው ሲጎድልበት ቀረርቶ ሞላበት ነው ነገሩ፤ ቀረርቶው የታዳሚው ነው እንጂ። ያን ጊዜ መድረክ ላይ ለዘፋኙ የራሱን ድምፅ የሚመልስለት ስፒከር አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው በቁሙ ደረሰባቸው። ሪንጎ ከኋላ ሆኖ የጓደኞቹን መቀመጫ አወዛወዝ እያየ ነበር ዘፈኑ የት እንደደረሰ የሚያውቀው። ራሱ ነው የተናገረው። ቅጂው እስከ 1977 መደርደሪያ ላይ ቆየ።

ሊቁ ይሄን ሁሉ ያውቃል። ግን የሚሰማው ዘፈኑን አይደለም። ጩኸቱን ነው። «የስልሳ አራቱ ጩኸት ንጹሕ ነው» ይላል። «ያልተበረዘ ነው። የስልሳ አምስቱ ልምድ ገብቶበታል፤ ያውቅበታል።» ሁለተኛው ዘፈን ላይ፣ በግራ በኩል፣ አንዲት የምትጮህ ልጅ አለች ይላል። ስም አውጥቶላታል። ዶሮቲ። ለምን ዶሮቲ እንዳላት ጠይቄው «ድምጿ ላይ ያስታውቃል» ብሎኛል። «አሁን ትንፋሽ ትወስዳለች... ጠብቅ... ጠብቅ... አሁን!» ዶሮቲ ትጮሃለች። ወይም ሌላ ሰው ይጮሃል። የሊቁ ፊት እንደ ሙሽራ ያበራል።

እዚህ ላይ ቢያቆም ምንም አልነበረም። ሊቁ ግን ዶሮቲ በ1965ም መጥታለች ባይ ነው። «አንድ ዓመት ውስጥ ድምጿ ወፍሯል፤ አድጋለች» ይላል፣ እንደ አባት ኩራት እየቃጣው። ሌላ ሊቅ ደግሞ አለ፤ እሱ የስልሳ አምስቷ ልጅ ሌላ ናት ባይ ነው። እህቷ ልትሆን እንደምትችል ብቻ ይቀበላል። ሁለቱ ተኳረፉ። ሰርግ ላይ ጀርባ ተሰጣጡ። ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኙን ለመስማት ተቀምጠው ቅጂውን አስከፈቱ። አንደኛው ሽማግሌ፣ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ያለ ነው፣ ጥቂት አዳምጠው «ይቺን ልጅ ውሃ ስጧት» አሉ። ሁለቱም ሊቆች አለቀሱ። ሙግቱ ዶሮቲ አንድ ናት፣ ምናልባት ሁለት፣ በሚል ስምምነት ሊቋጭ ሲል ልጅየው፣ የቤቱ ታናሽ፣ «የቴፕ ሲጢጢታ አይሆንም?» አለ። ልጁ ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት አይጠራም።

በ1965 የመጀመሪያው ምሽት፣ ኦገስት 29፣ የፖል ማይክ በመክፈቻዎቹ ዘፈኖች ላይ ስላልሠራ ድምፁ አልተቀዳም። ሊቁ ያን ምሽት ከሁሉ ያስበልጣል። «ፖል በሌለበት ነው ፖል የሚገባህ» ይላል። በ2016 ደግሞ ቅጂው በአዲስ ቴክኖሎጂ ተጠርቶ፣ ጩኸቱ ቀለል ብሎ እንደገና ሲወጣ ሊቁ ሦስት ቀን ስልክ ዘጋ። ዶሮቲን ዝቅ አድርገዋት ነበርና። ለቅሶ ልንደርሰው ስንል ነው የተጽናናው፤ አሮጌው ሸክላ መቼም አይሻሻልም ብሎ።

ያን እሁድ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ወጣት ልጅ ነበረች። ከኛ ጋር ቁጭ ብላ ሃምቡርግን በትዕግሥት ሰምታለች። ሲያልቅ ረጋ ብላ «እኔ የመጨረሻዎቹን አልበሞች ነው የምወደው» አለች። ይሄ ብቻ ነው ያለችው። ሰውየው ሳቀ። ጮክ ብሎ፣ ሌሎቻችንን በዓይኑ እየጋበዘ ሳቀባት። «እሱማ ለጀማሪ ጥሩ ነው» አለ። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ይሄ ነውር ነው። ሙዚቃ መውደድ አይደለም ይሄ። አንዲት ልጅ በገዛ ጆሮዋ የወደደችውን ነገር እንድታፍርበት ማድረግ ነው። ደግሞ የሚያበግነው፣ ሃምቡርግ ላይ ጨዋታው አለ! ከዚያ ሁሉ ዝናብ ሥር አለ። በየሌሊቱ ለሰዓታት እየተጫወቱ እጃቸው የፈታ፣ የራባቸው፣ የሚጣደፉ አራት ልጆች አሉ። ሪንጎ ከገባ ገና አምስት ወር አልሞላውም፤ ግን እንደ ባቡር ይነዳቸዋል። «ይሄን ከበሮ ስሚው፣ የመጨረሻዎቹ አልበሞች ላይ የምትወጂው ሰው ነው እኮ» ቢላት ልጅቷ ጠጋ ትል ነበር። እንዳትጠጋ ነው የፈለገው። ሁሉም ከሰማው እሱ ምን ይቀረዋል?

እሺ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

የመጨረሻው ማዕረግ የሚገኘው ሳን ፍራንሲስኮ ነው። 1966፣ ኦገስት 29፣ ካንድልስቲክ ፓርክ። ቢትልስ ቲኬት አስቆርጠው የተጫወቱበት የመጨረሻው ኮንሰርት ነው። የፕሬስ ኃላፊያቸው ቶኒ ባሮው ከሜዳው ላይ በእጅ በሚያዝ ካሴት መቅጃ ቀዳ። የካሴቱ አንድ ገጽ 30 ደቂቃ ነው። ባሮው አልገለበጠውም። የመጨረሻው ዘፈን፣ ሎንግ ቶል ሳሊ፣ መሃል ላይ ሲደርስ ካሴቱ አለቀ።

ተራ ሰው እዚህ ላይ «ወይኔ!» ይላል። ማዕረጉ ላይ የደረሰው ግን አይልም። ያለፈው ሳምንት አንዱን አግኝቼ ነበር። ከተቀዳው ይልቅ ያልተቀዳውን እንደሚወድ ነገረኝ። የተቀዳውን ማንም ይሰማዋል፤ ያልተቀዳውን ለመስማት ጆሮ ያስፈልጋል። ጆን እዚያ ጋ ጊታሩን እንዴት እንዳደረገው፣ ፖል የመጨረሻዋን መስመር እንዴት እንደጎተታት አስረዳኝ። በእጁ አየር ላይ ሳለልኝ። እኔ ቅጂው የለም እኮ አልኩት። «እሱ ነው ንጽሕናው» አለ። መንሿሿት እንኳ የለውም በማለት ብቻ በመጠኑ ተከፍቷል።

አሁን ሥራ ላይ ነው። ከሊቨርፑል ምድር ቤቶች ጀምሮ ማንም ያልቀዳቸውን ምሽቶች ዝርዝር እያሰናዳ ነው። ሲጨርስ በጥራት ደረጃቸው ከፋፍሎ፣ በተከታታይ ቅዳሜዎች፣ ቤቱ ያስደምጠናል። ሙሉውን። መቀመጫ ስለሚጣበብ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። መግቢያ በነፃ ነው፤ ማውራት ግን ክልክል ነው።