ነቢዩ ባለቅኔም ነበር

ዛሬ «ነቢይ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ስለ ነገ የሚነግረን ሰው ነው። ቪዛሽ በሦስት ወር ይመጣል የሚለው ዓይነት። የጥንት እስራኤል ነቢያት ግን በአመዛኙ ገጣሚዎች ነበሩ። ግጥማቸውን ያልሰማ ሰው ትንቢታቸውም ግማሹ ያመልጠዋል ባይ ነኝ።

አሞጽን እንውሰድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት የኖረ፣ በደቡቡ መንግሥት በይሁዳ ያለችው የቴቁሔ ሰው ነው። ከብት ይጠብቃል፣ የዋርካ ፍሬ ይለቅማል። ነቢይም የነቢይ ልጅም አይደለሁም ይላል ራሱ። ምዕራፍ 8 ላይ እግዚአብሔር አንድ ቅርጫት አሳይቶት «ምን ታያለህ?» ይለዋል። የበጋ ፍሬ ነው። ወዲያው ፍርዱ ይከተላል፤ በሕዝቤ ላይ ፍጻሜ መጥቷል። አማርኛውን ብቻ የሚያነብ ሰው ግራ ይገባዋል። ፍሬንና ፍጻሜን ምን አገናኛቸው? የበጋ ፍሬ በዕብራይስጥ «ቃይጽ» ነው፤ ፍጻሜ ደግሞ «ቄጽ»። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን አስተርጓሚ አያሻቸውም፣ በጋን ዛሬም «ካይጽ» ነው የሚሉት። አሞጽ በሰበከበት በሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት አነጋገር ደግሞ ሁለቱ ቃላት ጭራሽ አንድ ሳይሆኑ አልቀሩም። ሰሙ ፍሬ፣ ወርቁ ጥፋት። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ ከዚያ ይደነግጣል።

ምዕራፍ 5 ይብሳል። አሞጽ ሙሾ ያወርዳል፤ የእስራኤል ድንግል ወደቀች፣ የሚያነሣትም የለም። የዕብራይስጥ ሙሾ የራሱ አካሄድ አለው። የመጀመሪያው ሐረግ ረዘም ይላል፣ ሁለተኛው ያጥራል፣ ሳግ እንደያዘው ሰው። ሰቆቃወ ኤርምያስም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። ጉዱ ግን ሟች የለም! ዘመኑ የእስራኤል ንጉሥ የዳግማዊ ኢዮርብዓም ነው። አገር ጠግቧል፣ ባለጸጎቹ በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ ይንፈላሰሳሉ። ድግሱን ደግሶ ለሚበላ ሰው ደጃፉ ላይ ሙሾ ሲወርድለት አስቡት። መዲናዋ ሰማርያ በአሦር እጅ የወደቀችው ከዚያ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ ነው።

አይሁድም መዝሙርንና ትንቢትን አጥብቀው አይለዩም ነበር። ዜና መዋዕል የቤተ መቅደሱ ዘማሪዎች የአሳፍ ልጆች በመሰንቆና በበገና ትንቢት ይናገሩ እንደነበር ይነግረናል። ነቢዩ ኤልሳዕ ቃል የመጣለት ባለ በገና አስጠርቶ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. በሙት ባሕር አጠገብ ከተገኘ ዋሻ የወጣ የመዝሙር ጥቅል ደግሞ ዳዊት 4,050 መዝሙርና ዝማሬ ደረሰ፣ ሁሉንም በትንቢት ተናገረ ይላል። ቁጥሩ የልግስና ይመስለኛል። «በትንቢት» የምትለዋን ግን ልብ በሉልኝ።

የቤቴሉ ካህን አሜስያስ ይህ ሳይገባው አልቀረም። አሞጽን ለንጉሡ ሲከስ ትንቢቱ ሐሰት ነው ብሎ አልተከራከረም። ምድሪቱ ቃሉን ሁሉ መሸከም አትችልም አለ። ከዚያ ወደ አሞጽ ዞሮ፣ ሂድ ወደ ይሁዳ፣ እንጀራህን እዚያ ብላ አለው።