ክርክር፦ ጣና በክረምት ይዘጋ?

ጥያቄው ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ በጣና ሐይቅ ዓሣ ማጥመድ ጨርሶ ይቁም ወይስ አይቁም የሚል ነው። አንዱ ጸሐፊ ይቁም ይላል፤ ሌላዋ አትስማማም።

ይቁም

ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር ባርበስ የሚባለው ዓሣ ሲበለት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቢላው ሆዱን ሲከፍተው እንቁላሉ ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል። ባየሁት ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

ጣና ውስጥ 15 ያህል የባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ብዙዎቹ የሚራቡት ክረምት ወንዝ ሲሞላ ነው። ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ለመውጣት ወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡም እዚያው ይጠብቃቸዋል። አልፎ ወንዝ የገባውን ደግሞ ለመያዝ፣ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ የሚበትን አለ። በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል በተደረገ ጥናት፣ ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. የባርበስ መጠን በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሷል። በአሥር ዓመት! ሦስት ወር መታገስ ያቅተናል?

አይቁም

ወንድሜ፣ እንቁላሉ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን የምታስቆመው ማንን ነው?

በደንገል ታንኳ የሚሠራውን ሰው አስበው። ከዳር ብዙ አይርቅም። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ሲመለስ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። የሚይዘው በአብዛኛው ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለውን ዓሣ ነው። ቆሮሶ ደግሞ ለመራባት ወንዝ አይወጣም፤ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው የሚራባው። ታዲያ በባርበስ ጦስ ቆሮሶ አጥማጁ ለምን ጦሙን ይደር? በደንገል ታንኳ ከሚያጠምዱት መካከል በጣና ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች አሉ፤ ብዙዎቹ የእርሻ መሬት የላቸውም። ኑሯቸው ደንገልና ዓሣ ነው። ክረምት ደግሞ ባለ መሬቱ ገበሬ እንኳ ጎተራው የሚሟጠጥበት ጊዜ ነው።

መሀል ሐይቅ ድረስ የሚገባው የሞተር ጀልባ በ1986 እ.ኤ.አ. በልማት ስም መጣ። ቀጥሎ ርካሹ የፕላስቲክ መረብ ገባ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ዳርቻውን ወረረው። ዕዳው ሁሉ ባለ ታንኳው ላይ ይውደቅ? የወንዞቹን አፍ ዝጉ፤ እስማማለሁ። ሐይቁን ግን ተዉለት።

ይቁም

እህቴ፣ በቆሮሶው ረትተሽኛል። ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ ያልኩትን አንስቻለሁ። ግን ሌሊት ጉማራ አፍ ላይ ማን ይቆማል? የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ? እንደ ክር የቀጠነው መረብ አሁንም ውሃ ውስጥ ነው። ወረቀት ዓሣ አይጠብቅም።

አይቁም

ባለ ታንኳው ይቁማ! የሦስት ወር ደመወዝ ቁረጡለትና ቅጠሩት። ማን፣ የት፣ በየትኛው ሌሊት መረብ እንደጣለ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።